ሲ ቀይ ሲሆን፦ ፎልደሮችን ወደ ዲ ለማዛወር የትኛው መንገድ ይሻላል?

ድሬዳዋ ላይ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ያስዘጋል። እኔ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። "አቦ ይቺ ነገር ሞላሁ ትለኛለች፣ እስቲ እያት።" ከፍቼ ሳየው ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት ሲ ድራይቭ ቦታው አልቆ ቀይ ሆኗል። ዲ ግን ባዶ ሜዳ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስን፣ ዳውንሎድስን፣ ፒክቸርስን፣ ቪዲዮስንና ሚዩዚክን ሲ ውስጥ ዩዘርስ በሚባለው ፎልደር፣ በስማችሁ ሥር ነው የሚያስቀምጣቸው። ዲ ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። ላፕቶፑ 128 ጂቢ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ማከማቻ) ካለው ደግሞ ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ 119 ገደማ ብቻ ነው። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024፤ ማንም አልሰረቃችሁም። ከዚያ ላይ ዊንዶውሱ ራሱ፣ ኦፊሱና አፕዴቱ ድርሻቸውን ያነሳሉ። የሁለት ሠርግ ቪዲዮ ሲገባ አለቀ።

ማዛወሪያው መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ለሁሉም ሰው ይሆናል። አንዳንዱ ለባለሙያ ብቻ ነው። አንዱን ደግሞ ለጠላቴም አልመክርም።

መጀመሪያ ግን ዲ ምንድን ነው?

ይህን ሳታውቁ መንገድ አትምረጡ። ዲ የሚባለው ነገር ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ፓርቲሽን ነው። አንድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ሲ፣ ግማሹ ዲ ተብሏል። እኛ አገር ባለሙያ ዊንዶውስ ሲጭን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይከፍለዋል። እዚህ ላይ ፎልደር ማዛወር ከፎርማት ያድናል፤ ሲ ሲጠረግ ዲ አይነካም። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሳሎንና ጓዳ ማለት ነው፤ ቤቱ ከተቃጠለ ጓዳው አይተርፍም።

ሁለተኛው እውነተኛ ሁለተኛ ዲስክ ነው። ለዊንዶውስ ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለዕቃ ትልቅ ሃርድ ዲስክ። የሲዲ ማጫወቻ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው ዲስክ የሚገባበት ካዲ የሚባል ቤት አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ውፍረቱን ለኩ፤ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለማዛወር ከሁሉም የተመቸው ይህ ዓይነት ዲ ነው።

ሦስተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ነው። ለመጠባበቂያ ቅጂ ግሩም ነው። የዴስክቶፕና የዶክመንትስ ቋሚ ቤት ግን አታድርጉት። ሳትሰኩት ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ዊንዶውስ ቦታው የለም እያለ ይጮኻል፣ ዴስክቶፑም ባዶ ይሆናል። ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ከተሰካ ደግሞ ትናንት ኢ የነበረው ዛሬ ኤፍ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ጠፋ ማለት ነው። እዚህ ሙቀታችንም አለ። ብዙ ሃርድ ዲስክ ሲሠራ እስከ 60 ዲግሪ ይችላል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ዝግ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር የተረሳ ዲስክ ድሬ ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ እጁን ያቃጠለ ሰው ያውቀዋል።

ቆርጦ መለጠፍ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ፋይሉን ሲ ላይ ቆርጦ ዲ ላይ መለጠፍ። ለተጠናቀቀ ሥራ ምንም አይልም። የ2015 የሠርግ ቪዲዮ ዴስክቶፕ ላይ ምን ይሠራል? ቆርጣችሁ ውሰዱት።

ችግሩ መንገዱ አለመቀየሩ ነው። ዎርድ ነገም ሴቭ ሲባል ሲን ነው የሚያቀርበው። ክሮም ነገም ሲ ላይ ያወርዳል። በወሩ መጨረሻ ያው ቀይ መስመር ይመለሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንድ ደንበኛዬ በዓመት አራት ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይመጣ ነበር።

የሴቲንግስ መንገድ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ አዲስ ነገር የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ገጽ አለ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ ብላችሁ ትገባላችሁ። 11 ላይ ከዚያ ቀጥሎ አድቫንስድ ስቶሬጅ ሴቲንግስ የሚለውን መክፈት ያስፈልጋል። እዚያ ለዶክመንት፣ ለሙዚቃ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ዲን መምረጥ ትችላላችሁ።

ቀላል ነው፣ አደጋም የለውም። ግን ሁለት ጉድለት አለው። አሮጌውን ዕቃ አያነሳም፤ አዲሱ ወደ ዲ ይሄዳል፣ የነበረው ሲ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሲን የሚሞሉት ግን በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው! ስለዚህ ገና አዲስ ለተገዛ ባዶ ላፕቶፕ ይሆናል። ለሞላ ላፕቶፕ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሎኬሽን፦ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው

ሲ ውስጥ ዩዘርስን፣ ከዚያ ስማችሁን ክፈቱ። ዶክመንትስ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስ በሉ። ከላይ ከተደረደሩት ውስጥ ሎኬሽን የሚል አለ። ሙቭ የሚለውን ነክታችሁ አዲሱን ቦታ ታሳያላችሁ፣ አፕላይ ትላላችሁ። ዊንዶውስ የነበረውን ፋይል ሁሉ ወደ አዲሱ ቦታ ልውሰድ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የስ ነው መልሱ።

ይህ መንገድ የሚበልጠው ለዊንዶውስ አድራሻውን ራሱን ስለሚነግረው ነው። ዎርድም ክሮምም ዶክመንትስ የት ነው ብለው የሚጠይቁት ዊንዶውስን ነው። አድራሻው ሲቀየር ሁሉም ይከተላል። ዴስክቶፕም ዳውንሎድስም ይዛወራሉ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ሪስቶር ዲፎልት የሚል ቁልፍ አለ፤ ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ቁልፍ አለ ብዬ ያለፍኩት ግን ዋጋ ያስከፈለኝን ነገር ነው፤ ልናገረው።

ከዓመታት በፊት የራሴን ዳውንሎድስ ሳዛውር ሙቭ አልኩና ዲን መረጥኩ። ዲ ውስጥ ያለ ፎልደር ሳይሆን ራሱን ዲን። አፕላይ። ዊንዶውስ እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ሙሉው ዲ ድራይቭ ዳውንሎድስ ሆኖ ቁጭ! የደንበኞች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሒሳብ መዝገቤ፣ ፊልሙ ሁሉ ዊንዶውስ ዘንድ "ዳውንሎድስ" ነው። ሪስቶር ዲፎልት ስለው የዲን ዕቃ በሙሉ ሲ ላይ ሊያፈስ ተነሳ። 400 ጂቢ፣ 119 ጂቢ ውስጥ። ያዳነኝ ሬጂስትሪ፣ ዊንዶውስ ቅንብሩን ሁሉ የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። ዩዘር ሼል ፎልደርስ የሚባል ቦታ ላይ የእያንዳንዱ ፎልደር አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ገብቼ በእጄ አረምኩት፣ ወጥቼ ገባሁ፣ ተስተካከለ። እዚያ የሚገባ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ዶክመንትስ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ፐርሰናል በሚል ስም ነው የተመዘገበው። ዳውንሎድስ ደግሞ ስም የለውም፤ በቅንፍ የተዘጋ ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ ዲ ላይ በስማችሁ አንድ ፎልደር ፍጠሩ። በውስጡ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ እያላችሁ ለእያንዳንዱ የራሱን ክፈቱ። ሁለቱን አንድ ፎልደር ላይ አታገናኙ፤ ከተቀላቀሉ ዊንዶውስ መልሶ አይለያቸውም።

ማዛወሩን የምትጀምሩበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። በመካከል መብራት ከሄደ ፋይሉ ግማሹ ሲ፣ ግማሹ ዲ ላይ ሆኖ ያድራል። አይጠፋም፣ ግን የቱ ተሻገረ የቱ ቀረ እያሉ መልቀም ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉት። ባትሪው የሞተ ከሆነ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እኔ ለደንበኛ ስሠራ ያለ ቅጂ አልጀምርም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ሁለት ነገር ጨምሩ። ሎኬሽን የሚቀየረው ለገባው ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ገብቶ መሥራት አለበት። ሌላው ምስጢራችሁን ይመለከታል። ሲ ላይ ያለው የስማችሁ ፎልደር ለሌላው ተራ ተጠቃሚ ዝግ ነው። ዲ ላይ የሚፈጠር ፎልደር ግን በተለምዶ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አካውንት ላለው ሁሉ ክፍት ነው። የደመወዝ ዝርዝር የሚጽፍ የቢሮ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢያዛውር ሐሜቱ በማግስቱ ይጀምራል። በፎልደሩ ሴኩሪቲ ገጽ ላይ ፈቃዱን ማጥበብ ያስፈልጋል።

ዋንድራይቭ ካለበት

አዲስ ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ከከፈታችሁ ዋንድራይቭ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና ፒክቸርስን ሳታውቁት ተረክቧቸው ሊሆን ይችላል። ሎኬሽን ላይ የተጻፈውን አድራሻ እዩ። ዋንድራይቭ የሚል ቃል ካለበት ተረክቧል። በነጻ የሚሰጠው 5 ጂቢ ብቻ ነው፣ የኢንተርኔት ጥቅላችሁንም ይበላል።

እንዲህ ከሆነ በላዩ ላይ ሎኬሽን አትቀይሩ፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። ወይ መጀመሪያ የዋንድራይቭን ባክአፕ አቁሙ፤ ካቆማችሁ በኋላ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሊቀሩ ስለሚችሉ ጠፋብኝ ብላችሁ አትደንግጡ፣ እዚያ ፈልጉ። ወይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከዋንድራይቭ አላቃችሁ እንደገና ስታገናኙ ፎልደሩ ዲ ላይ እንዲሆን ምረጡ። በኢንተርኔት ለማይጨነቅ ሰው ሁለተኛው ጥሩ ነው። ለሌሎቻችን የመጀመሪያው።

ጃንክሽን፦ የባለሙያ መንገድ

አንዳንድ ፎልደር ሎኬሽን የሚል ገጽ የለውም። አንዳንድ ፕሮግራምም እኔ ሲ ላይ ካልሆነ አልሠራም ብሎ ይገግማል። ለዚህ ጃንክሽን አለ። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ዓይነት ፎርማት በተደረገ ድራይቭ ላይ፣ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቶ ኤምኬሊንክ በሚባል ትዕዛዝ የሚሠራ ነው። ፎልደሩ ሲ ላይ ያለ ይመስላል፤ ስትገቡበት ግን ዲ ላይ ናችሁ። ጀጎል ውስጥ በአንዱ ቀጭን መንገድ ገብታችሁ ሳታስቡት ፈረስ መጋላ እንደምትወጡት። ፕሮግራሙ መታለሉን እንኳ አያውቅም።

ሐረር አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጅ አለኝ። ሲ በየሳምንቱ ይሞላበታል። ዶክመንትሱን አዛወረ፣ ቪዲዮውን አዛወረ፣ ሲ አሁንም ቀይ ነው። ጃንክሽን ሥራልኝ ብሎ መጣ። ስንፈልግ ጥፋተኛው የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ሆኖ ተገኘ። ቪዲዮ ባስገባ ቁጥር ሚዲያ ካሽ የሚባል ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፤ የሚያስቀምጠውም ሲ ላይ፣ አፕዳታ የሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚህ ጃንክሽን አያስፈልግም ነበር። ፕሪሚየር ራሱ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ካሹን የት ላኑረው ብሎ ይጠይቃል። ዲን አሳየነው፣ የድሮውን አጠፋን፣ ሲ ተነፈሰ።

ቴሌግራምም እንዲሁ ነው። የሚያወርደውን ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ያስቀምጣል፤ ዳውንሎድስን ካዛወራችሁ አብሮ ይሄዳል። ካሹ ግን አፕዳታ ውስጥ ነው። እሱን በቴሌግራሙ ሴቲንግስ ገደብ ማበጀት ይቻላል። የቻናል ፊልም ለሚያየው ሰው ይህ ብቻውን ብዙ ጂቢ ያስለቅቃል።

ስለዚህ ጃንክሽን ፕሮግራሙ የራሱ ማስቀየሪያ ሲያጣ ብቻ ነው። ለዶክመንትስና ለዴስክቶፕ አትጠቀሙበት፤ ሎኬሽን እያለ ለምን? ዋንድራይቭም ከጃንክሽን ጋር አይስማማም። ከሁሉም በላይ የሠራው ሰው ይረሳዋል። ከዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ቦታ ለማስለቀቅ ሲያጸዳ፣ ድርብ ቅጂ መስሎት ዲ ላይ ያለውን እውነተኛውን ፎልደር ሊያጠፋው ይችላል።

ሙሉ ፕሮፋይሉን ማዛወር

ለጠላቴም አልመክርም ያልኩት ይህ ነው። ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ ዩዘርስ የሚባለውን ፎልደር ከነአፕዳታው፣ ከነሁሉ ነገሩ ዲ ላይ ማድረግ ይቻላል። በወሬ ደረጃ ደስ ይላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ግን ይህን ለሙከራ ካልሆነ በቀር አይመክርም፤ የተጠቃሚዎች ፎልደር ከሲስተሙ ድራይቭ ከወጣ ዊንዶውስን ወደ አዲስ ስሪት ማሳደግ ላይቻል ይችላል ይላል።

ይህ ደግሞ ዛሬ ቀልድ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው። ፕሮፋይሉን ዲ ላይ የሰቀለ ሰው ማሻገሪያው ላይ ሊቆምበት ይችላል። በዚያ ላይ አፕዳታ በየሰከንዱ የሚነበብና የሚጻፍ ትንንሽ ፋይል የሞላበት ነው። ከኤስኤስዲ አውጥታችሁ ወደሚሽከረከር ዲስክ ካወረዳችሁት ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ኤስኤስዲውን ታዲያ ለምን ገዛችሁት?

ትልቅ ኤስኤስዲ መግዛትስ?

ዲ የሌለው፣ አንድ 128 ኤስኤስዲ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ማዛወሩን እርሱት። በ512 ቀይሩት፤ የነበረውን እንዳለ ወደ አዲሱ ማሸጋገር ይቻላል፣ ዊንዶውስ እንደገና መጫን አያስፈልግም። አንዳንድ ላፕቶፕ ግን ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍቱና እዩ። ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ርካሽ ስታገኙ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስገብታችሁ አስሞክሩ። 512 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ሌላ የሆነ ዕቃ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ጥቂቶች ነገራችሁ ቀላል ነው። ስትጭኑ ሆምን፣ ማለትም የተጠቃሚ ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበትን ፎልደር፣ በራሱ ፓርቲሽን ላይ አድርጉ፣ በቃ።

ለማን የትኛው?

የቢሮ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከሆናችሁና ዲ ላፕቶፑ ውስጥ ካለ፣ ሎኬሽን። ዴስክቶፕንም ጨምሩ፤ በፎርማት ጊዜ መጀመሪያ የሚለቀስለት እሱ ነው። ላፕቶፑ ዛሬ ከተገዛ የሴቲንግሱን መንገድ ተጠቀሙና ዳውንሎድስንና ዴስክቶፕን ብቻ በሎኬሽን ጨርሱ። ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ ቪዲዮስን አዛውሩ፣ ካሹን ከፕሮግራሙ ቀይሩ። ያላችሁ ኤክስተርናል ብቻ ከሆነ ምንም አታዛውሩ፤ ያለቀውን ሥራ ቆርጣችሁ አኑሩበት። ያ ብቸኛ ቅጂ እንዳይሆን ግን ሌላም ቦታ አስቀምጡ።

ካዛወራችሁ በኋላ አንድ ቀን ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫኑ አይቀርም። ያኔ አዲሱ ዊንዶውስ ዲ ላይ ያለውን አያውቅም፤ ዶክመንትስን ባዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንደገና ሎኬሽን ገብታችሁ የድሮውን የዲ ፎልደር ማሳየት ብቻ ነው። ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ከመጣ ኮንቲኒው በሉት፣ ይከፍታል።

ግን ጫኙ ሰው ዲን ካልነካው ነው። ሲጭን ፓርቲሽኖቹን ሁሉ አጥፍቶ ከዜሮ የሚጀምር አለ፤ ለእሱ ቀላል ነው። ስለዚህ እኔ ላፕቶፕ ለባለሙያ ሲሰጥ በቃል አልተማመንም። ነጭ ፕላስተር ቆርጬ ኪቦርዱ ላይ እለጥፋለሁ፣ በወፍራም እስክሪብቶ "ዲ አይነካ" ብዬ።